ለፋይበር የተላከ ሽማግሌ

ጭንቀት በእኛ ቤት በውርስ የሚተላለፍ ንብረት ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ ይዞ የሚወጣ ሰው ነበር። «ምነው?» ሲሉት «የሰማዩ ዝምታ አላማረኝም» ይላል። እናቴ ደግሞ ስልክ ሲጠራ ትደነግጣለች፤ ሳይጠራ ከዋለ የባሰ ትደነግጣለች። እንግዲህ ከእነዚህ ከሁለቱ የተወለደ ሰው የቤት ኢንተርኔት ምረጥ ሲባል ምን እንደሚሆን እናንተው ፍረዱ።

አሥራ አራት ዓመት ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሰው የጻፈውን አንብቤ የጎደለችውን ፊደል መመለስ፣ የተረፈችውን ማባረር ነበር እንጀራዬ። ማተሚያ ቤቱ ሲዘጋ ግን የጎደልኩት ራሴ ሆንኩ፤ የሚመልሰኝም ጠፋ። ዓመት ከምናምን ጠዋት ጠዋት ጫማዬን ወልውዬ፣ የትም ሳልሄድ ዋልኩ። እናቴ ለሚጠይቃት ሁሉ «ልጄ እረፍት ላይ ነው» ትል ነበር። እረፍቱ ሲረዝም ሰዉ መጠየቁን ተወ፤ የባሰው ያ ነው።

በዚህ መሀል ቤት ተቀምጦ የማስተርጎም ሥራ አገኘሁ። ሐኪሙ ከባሕር ማዶ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ ታማሚው በአማርኛ ይመልሳል፣ እኔ የካ ሚካኤል ሥር ከእናቴ ሳሎን ሆኜ አገናኛቸዋለሁ። አገኘሁ አልኩ እንጂ ገና ፈተና ነበረው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ባለው ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ በቀጥታ መስመር። ደብዳቤው ላይ ሁለት ነገር በደማቁ ተጽፏል። አንደኛው፣ በሞባይል ኢንተርኔት አይሆንም፤ ቤት የገባ መስመር ያስፈልጋል። ሁለተኛው፣ በፈተናው መሀል መስመሩ ከተቋረጠ ተፈታኙ እንደወደቀ ይቆጠራል። ይህችን ሁለተኛዋን አንብቤ ሳልጨርስ ተነሥቼ በመስኮት ሰማዩን አየሁ።

በማግስቱ ወደ ኢንተርኔቱ ቢሮ ሄድኩ። መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ቀና ሳትል «ፋይበር ነው ዲኤስኤል?» አለችኝ፤ አስተናጋጅ «ሻይ ነው ማኪያቶ?» በሚልበት ድምፅ። የትኛው እንደሚሻል ብጠይቃት እንደ ቤቱ ነው አለችና ሰው ልካ እንደምታሳይልኝ ነገረችኝ። ከዚያም አንዱን መርጬ እስከ ሰኞ ሳምንት ካልፈረምኩ ተራዬ እንደሚያልፍ አስጠነቀቀችኝ። እኔ ደግሞ ካልሲ ለመምረጥ ሁለት ቀን የሚፈጅብኝ ሰው ነኝ።

ቴክኒሻኑ መጣ። ወሬ የማያበዛ ሰው ነው፤ ግቢውን ዞረና ነገሩን በሁለት ቃል አስረዳኝ። ዲኤስኤል ከተባለ በእናቴ የድሮ ስልክ መስመር፣ በመዳቡ ላይ ይመጣል፤ በሁለት ቀን ያልቃል። ፋይበር ከተባለ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመስታወት ክር ነው፤ ውስጡ ብርሃን ይሄድበታል፤ ፈጣን ነው፣ ዝናብም ጉዳዩ አይደለም። ችግሩ፣ ፋይበሩ ያለበት ምሰሶ ከኋላችን ካለው ቅያስ ነው የቆመው፤ እኛ ጋ ለመድረስ በጎረቤት ጣሪያ ላይ ማለፍ አለበት። እጁን ዘርግቶ ጣሪያውን አሳየኝ። የጋሽ ደምሴ ጣሪያ ነው።

«ሌላ መንገድ የለውም?» አልኩት።

«ፈቃዳቸውን ብቻ አምጣ» አለኝ። ብቻ!

ስለ ሁለቱም ጉድ ልንገራችሁ። ከዲኤስኤሉ ልጀምር። የእናቴ ስልክ መስመር ውሃ ይፈራል። ደመናው እንጦጦ ላይ ሲከብድና ፓርኩን መሸፈን ሲጀምር ስልኩ ይንሾካሾካል፤ ዝናቡ እኛ ጋ ሲደርስ ጭልጥ ብሎ ይጠፋል። እናቴ ልብስ ከማስጣቷ በፊት ስልኩን አንስታ ታዳምጣለች። ከተንሾካሾከ አታሰጣም። እስከ ዛሬ አንድም ቀን ልብስ አልበሰበሰባትም። ወሩ ደግሞ ሐምሌ ነበር። በሐምሌ ከፈጣሪ ደረቅ ሐሙስ መለመን ድፍረት ነው።

ጋሽ ደምሴ ደግሞ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው። ከተኳረፍን ሰባት ዓመት ሆኖናል፤ የተኳረፍነውም በአንዲት «ህ» ምክንያት ነው። አጥራቸው ላይ «በዚ አጥር ስር መሽናት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ብለው ለጠፉ። በዚ! ጠዋት ስወጣ «በዚ»፣ ማታ ስገባ «በዚ»። አንድ ሳምንት ቻልኩ። በስምንተኛው ቀን ቀይ እስክሪብቶዬን አወጣሁና «ህ»ን ጨመርኩላት። «ስር»ንም «ሥር» ላደርጋት አምሮኝ ነበር፤ ለጎረቤት ክብር ብዬ ተውኳት። እስክሪብቶዬን እየከደንኩ እያለ የግቢው በር ተከፈተና ጋሽ ደምሴ ብቅ አሉ። ምን እንደማደርግ ጠየቁኝ። «እያረምኩ ነው» አልኳቸው። ስንት ሺህ ልጅ ያረሙ ሰው ናቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔን ሲያዩ መንገድ ይሻገራሉ፣ ስሜ ሲነሳ በር ይዘጋሉ ይባላል።

ደብተር አወጣሁና ገጹን ለሁለት ከፈልኩ። በግራ ዲኤስኤል፣ በቀኝ ፋይበር። ከዲኤስኤል ሥር «ዝናብ» ብዬ ጻፍኩ፣ ከፋይበር ሥር «ጋሽ ደምሴ»። ስጽፈው ነው የገባኝ፤ የተሰጠኝ ምርጫ የኢንተርኔት አልነበረም፣ በሰማይ ካለውና አጥር ማዶ ካለው የትኛውን እለማመጣለሁ ነው። እናቴን ባማክራት «ፋይበሩ ይግባ፤ ለእኔም ሐኪሙ ለስኳሬ ፋይበር አብዢ ብሎኛል» አለች። ያኛው ሌላ እንደሆነ ለማስረዳት ጉልበት አጣሁ።

ሁለት ሌሊት ቆጠርኩ፤ ኮከብ ሳይሆን ነጎድጓድ። በሦስተኛው ቀን ወሰንኩ። ፈጣሪ ሐምሌን ለእኔ ብሎ አያቆምም፤ ጋሽ ደምሴ ግን ሰው ናቸው፣ ሰው ደግሞ ሽማግሌ ይሰማል። የእድራችንን ሰብሳቢ ጋሽ ሽፈራውንና መምሬ አያሌውን ሄጄ ለመንኳቸው። ሦስተኛ ሰው ካልተጨመረ አያምርም ብለው የጋሽ ሽፈራውን አማች ጨመሩ፤ ሰውየው በነገሩ ሁሉ አንዲት ቃል አልተናገረም፣ ግን ጋቢው ያምር ነበር። ስለ ፋይበር ላስረዳቸው ሞከርኩ። መምሬ «ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ? ደግ ነው» አሉና በቃቸው። ምን ብለው እንደሚናገሩ ጻፍልን አሉኝ።

እዚህ ጋ ነው እንግዲህ ሙያዬ ጉድ የሠራኝ። መጀመሪያ የጻፍኩት ጥሩ ነበር፦ «በጣሪያዎ ላይ ገመድ እንዲያልፍ ይፍቀዱልን፤ ሠራተኞቹ ሲረብሹም ይታገሡን።» ይህን ብተወው ኖሮ ዛሬ የማወጋችሁ ነገር ባልነበረ። ግን አራሚ መች አርፎ ይቀመጣል? በሽማግሌ አፍ «ገመድ» ሲባል አላማረኝም፤ ገመድ ብዙ ክፉ ነገር ያስታውሳል። ሰርዤ «መስመር» አልኩት። «ጣሪያ» ወረደብኝ፤ «ቤት» ይሻላል። «ይታገሡን» ደግሞ ተራ መሰለኝ፤ ክብደት ያለው ስም ይግባ አልኩ። ተመላልሼ፣ አሳምሬ፣ የመጨረሻው እንዲህ ሆነ፦ «ያለፈውን ትተን፣ ከእርስዎ ቤት ጋር ዘላቂ መስመር ለመዘርጋት መጥተናል። ከእርስዎ የምንጠይቀው ትዕግሥትን ብቻ ነው።» ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንዲት የፊደል ስህተት የለበትም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሄዱ። እኔ ከበራችን ጀርባ ቆሜ ጥፍሬን ስበላ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆዩ። ሲመለሱ የሦስቱም ፊት ላይ አንዳች አድናቆት አለ። መምሬ እንደነገሩኝ፣ ንግግሩን በቃላቸው አንድም ሳያጎድሉ አሉት። ጓዳ ውስጥ የድስት ክዳን ወደቀ። ከዚያ ጋሽ ደምሴ ከመቀመጫቸው ተነሥተው መለሱ።

«ምን አሉ?» አልኩ።

«‹ትዕግሥትን እኔ ብቻዬን አልሰጥም። ከቤተሰብ ጋር ልምከር። የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ› አሉ» አሉኝ መምሬ። ቀጥለውም ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ ትዕግሥትን ሰው ብቻውን አይሰጥም፣ ይህ ቃል ትልቅ ቃል ነው፣ ለሰንበት ስብከት ይሆናል አሉ።

እኔ የሰማሁት «ሁለት ሳምንት» የሚለውን ብቻ ነው። ሐሙስ አሥራ አንድ ቀን ነው የቀረው፤ መፈረሚያዬ ሰኞ ደግሞ ስምንት ቀን። ለአንዲት ክር ቤተሰብ ምን ያማክራል? ቂም ነው አልኩ፤ «ህ»ን ሊያስከፍሉኝ ነው። የዚያን ቀን ከሰዓት ዘነበ። ስልኩን አነሣሁት። ዝም ብሏል፤ ልቤም አብሮ ዝም አለ።

ማክሰኞ ዕለት የጋሽ ደምሴ እኅት እትዬ ዘነበች፣ ሰባት ዓመት ደጃችንን ረግጠው የማያውቁት፣ ዳቦ ይዘው ከች አሉ። ከእናቴ ጋር ተቀመጡ። እኔ መኝታ ቤት ሆኜ ጆሮዬን በሩ ላይ ተክያለሁ። ጥያቄው ስለ ዘራችን ነበር። የአባቴ አባት ማን ይባላሉ? የእሳቸውስ አባት? ከየት ናቸው? በእናትስ በኩል? እናቴ ሳትደናቀፍ አንድ በአንድ ቆጠረች፤ ሰባት ቤት ድረስ። ቢሮው የጠየቀኝ የመታወቂያ ኮፒ ብቻ ነበር፤ ጋሽ ደምሴ ግን ክሩ ከጣሪያቸው በላይ ከማለፉ በፊት የቅድመ አያቴን አባት ማወቅ ፈለጉ። ሰው ለቂም ብሎ እንዴት ይህን ያህል ይደክማል ብዬ ተገረምኩ። እትዬ ዘነበች ሲወጡ ሥራዬ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። «ሥራዬ እኮ በዚሁ ጉዳይ ላይ ነው የተንጠለጠለው፤ ይህ ከተሳካ ሰው እሆናለሁ» አልኳቸው ከልቤ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ጉንጬን ሳሙኝ።

እናቴን ምን እንደሆነ ብጠይቃት፣ ዳቦውን እየቆረሰች «ሰው ደህና ነገር ሲፈልግ ይጠየቃል፤ ዝም ብለህ ብላ» አለችኝ። ፊቷ ላይ የሆነ ብርሃን ነበረ። በሥራው ተስፋ አድርጋ ነው ብዬ ይበልጥ ተጨነቅሁ፤ ባይሳካ ምን ልላት ነው?

ቅዳሜ ደረሰ። ዲኤስኤሉን ሰኞ ልፈርምና ለሐሙስ ሱባኤ ልግባ እያልኩ መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜያለሁ። ዝናቡ ይወርዳል። ከበላዬ ጃንጥላ ሲዘረጋ ዞር አልኩ፤ ሚሚ ናት። ሚሚ የጋሽ ደምሴ የመጨረሻ ልጅ ናት፣ ሲ.ኤም.ሲ አንድ ባንክ ትሠራለች። ሰፈሩ ሁሉ ሚሚ ነው የሚላት፤ ሌላ ስም ይኖራታል ብሎ ያሰበም የለም። በዚያ ኩርፊያ ምክንያት ሰባት ዓመት ከአንገት በላይ ሰላምታ ብቻ ነው ያለን።

«ሽማግሌ ልከሃል» አለችኝ።

አዎ አልኳት፤ ይቅርታ፣ ነገሩ ስላስቸኮለኝ ነው።

«ቀድመህ ለእኔ ብትነግረኝስ?»

«ጉዳዩ ከአባትሽ ጋር ነው» አልኳት። «እሳቸው ከፈቀዱ አንቺን ብዙም አያስቸግርሽም። በአንድ ቀን ያልቃል። ሠራተኞቹ ጣሪያው ላይ ወጥተው ይወርዳሉ፣ በቃ።»

ትንሽ አየችኝ። ጃንጥላው ዘመም አለና ውሃው ትከሻዬ ላይ ወረደ።

«ጣሪያው ላይ ምን ሊያደርጉ?»

«ገመዱን ሊያሳልፉ ነዋ። ፋይበሩን።»

ሰልፉ አንድ እርምጃ ተራመደ። እኛ አልተራመድንም፤ ከኋላችን ያለው ሰው አጉረመረመ። ሚሚ ቀስ ብላ «ስሜን ታውቀዋለህ?» አለችኝ። ሚሚ አልኳት። ቦርሳዋን ከፍታ የመሥሪያ ቤት ባጇን አወጣችና ፊቴ ላይ ያዘችው። «ትዕግሥት ደምሴ» ይላል። እንደ ልማዴ የፊደል ስህተት ፈለግኩበት። አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ የሆነው በአንድ ጊዜ ነው፤ የድስቱ ክዳን፣ ሰባቱ ቤት፣ የእትዬ ዘነበች እንባ፣ የእናቴ ብርሃን፣ «ትዕግሥትን እኔ ብቻዬን አልሰጥም»፣ ሁሉም ጭንቅላቴ ውስጥ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር፤ ግን መገናኛ አስፋልቱ ወፍራም ነው። ወረቀቱ ላይ የጻፍኩትን ቃል በቃል ነገርኳት። ሚሚ ጃንጥላውን ለእኔ አስያዘችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ሳቀች። ሰልፉ በሙሉ እስኪዞር ድረስ ሳቀች። ቀና ስትል ግን ሳቁ አልቆ ነበር።

«አባዬ እኮ» አለችኝ፣ «ሰባት ዓመት ስምህ ሲነሳ በር የሚዘጋው ሰውዬ፣ ትናንት እራት ላይ ‹ምን ቢሆን ልጁ ፊደል ያውቃል› አለ። አሁን ገመድ ነው የፈለገው ብዬ ልንገረው?»

አንገቴን ደፋሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያን ጊዜ ፈተናውን ረስቼው ነበር። ሚሚ ግን ባንክ ቤት የምትሠራ ናት፣ መላ አታጣም። እሷ እምቢ ልትል ነው። ልጁ መልካም ነው፣ እኔ ግን አልተዘጋጀሁም ትላለች። አባቷ ሽማግሌ በባዶ እጅ መመለስ ሞታቸው ነው፤ በሌላ የምትፈልጉትን ጠይቁኝ ማለታቸው አይቀርም፤ ያኔ መምሬ ገመዱን ገመድ ብለው ይጠይቁ። ማንም አያፍር፣ ማንም አይዋረድ። ይህን ሁሉ የተናገረችው ታክሲው እስኪመጣ ነው። ከመግባቷ በፊት ግን ዞር አለች።

«እኔ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ሳስብበት ነበር» አለችኝ።

ከፊት ተቀመጠች። እኔ ከኋላ፣ ጎማው ላይ፣ ጉልበቴ አገጬን እየነካው፣ ማጅራቷን እያየሁ ሰፈር ደረስን።

እሑድ ጋሽ ደምሴ ራሳቸው ሽማግሌዎቹን አስጠሩ። መምሬን ቀድሜ አግኝቼ፣ ምንም ቢሰሙ እንዳይገረሙ፣ በመጨረሻ ግን «ገመድ» የሚለውን ቃል ሳይለውጡ እንዲጠይቁልኝ ለምኜ ነበር። የሆነው ሚሚ እንዳለችው ነው። ልጄ አልፈቀደችም፣ በሌላ እዘዙኝ አሉ ጋሽ ደምሴ። መምሬ የማን ልጅ፣ ምን አልፈቀደች የሚለውን ዋጥ አድርገው ገመዱን ጠየቁ። «ገመድ ብቻ?» አሉ ጋሽ ደምሴ፤ «ከፈለገ ሁለት ያሳልፍ።»

ማታ ላይ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት ጋሽ ደምሴ ናቸው። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። «አይዞህ» አሉኝ። «ሰው በዚህ አይሞትም። እኔም ከእናቷ በፊት አንዷ ጋ ልኬ እምቢ ተብያለሁ።» አመሰግናለሁ አልኩ። ከሄዱ በኋላ በሩ ላይ ቆሜ ዓይኔ ሲሞላ ተሰማኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን ልነግራችሁ አልችልም፣ ያልጠየቅሁትን ነው የተከለከልኩት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ፣ ወሬው በማግስቱ ሰፈሩን አዳረሰ። ፀጉር ቆራጩ ሳልጠይቀው ሻይ ጋበዘኝ፤ ባለሱቋ እንቁላል ስትመርጥልኝ ትላልቁን መረጠችልኝ። ሁሉም ሲያዝንልኝ ጊዜ እኔም ለራሴ አዘንኩ። እናቴ ብቻ ናት ያላዘነችው። አውቃ እንደነበር ብጠይቃት ወዲያው አመነች፤ እትዬ ዘነበች ከመቀመጣቸው ነው የገባት። ለምን እንዳልነገረችኝ ስጠይቃት «ብነግርህ ትጨነቅ ነበር» አለችኝ።

ሰኞ ፋይበሩን ፈረምኩ። ረቡዕ ሠራተኞቹ መጡ፤ መሰላሉን የያዙላቸው ጋሽ ደምሴ ናቸው። ክሩ ከምሰሶው ተነሥቶ፣ በጣሪያቸው ላይ አልፎ፣ አጥሩን ተሻግሮ እኛ ሳሎን ገባ። ሲያልቅ ጋሽ ደምሴ አዲስ ማስታወቂያ ጽፈው አጥራቸው ላይ ለጠፉና እንዳየው ጠሩኝ። «ከዚ በላይ ገመድ ስላለ ረጅም ዕቃ ጭኖ ማለፍ ክልክል ነው» ይላል። ከዚ! ቀይ እስክሪብቶዬ ኪሴ ውስጥ ነበረች። በጣም ያምራል አልኳቸው።

ሐሙስ ጠዋት እንጦጦ አይታይም ነበር። በሦስት ሰዓት ተኩል ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር፤ የእናቴ ስልክ ሞተ፤ የፋይበሩ ሣጥን ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ግን ንቅንቅ አላለችም። አራት ሰዓት ላይ ፈተናው ተጀመረ። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ ፈታኟ እንደ አሮጊት ታማሚ ሆና በአማርኛ ታቃስታለች፣ እኔ በመሀል እንደ ውሃ እፈሳለሁ። ደም ግፊት አልቸገረኝ፣ ኩላሊት አልቸገረኝ። ሊያልቅ ሲል ሐኪሙ የምርመራው ውጤት እስኪመጣ ከታማሚዋ የሚፈልገውን ተናገረ። ወደ አማርኛ ስመልሰው ቃል በቃል የሚመጣልኝ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ሆነ፦ ከእርስዎ የምንጠይቀው ትዕግሥትን ብቻ ነው።

ምላሴ ታሠረ። የመገናኛው ጃንጥላ ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

«ሃሎ?» አለች ፈታኟ። «ይሰማል? መስመሩ ተቋረጠ?»

ያን ሁሉ ሽማግሌ፣ ያን ሁሉ ዘር ቆጠራ፣ ያን ሁሉ ጣሪያ ያለፍኩት ይህ ጥያቄ እንዳይጠየቅ ነበር። አረንጓዴዋን መብራት አየኋት። በርታለች።

«መስመሩ አለ» አልኩ፤ «የተቋረጥኩት እኔ ነኝ።» ከዚያም ወደ ታማሚዋ ዞርኩና «ውጤቱ እስኪደርስ ጥቂት ይታገሡን፣ እናቴ» አልኳት።

ፈታኟ ማቃሰቷን ተወች። «‹እናቴ› የሚለውን ሐኪሙ አላለም» አለችኝ። ልሰርዘው አፌን ስከፍት «ግን ይሁን» አለች። በሳምንቱ ሥራው የእኔ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰኝ።

አሁን በየቀኑ እሠራለሁ። መስመሩ አንድም ቀን አልተቋረጠም። ያችን ቃል ግን እስከ ዛሬ በሥራ ላይ አንድም ጊዜ አልተጠቀምኩባትም፤ ዞሬ ዞሬ በሌላ እላታለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ከሱቅ ስመለስ ሚሚን በራቸው ላይ አገኘኋት። ኢንተርኔቱ እንዴት እንደሆነ ጠየቀችኝ። አይቋረጥም አልኳት። ቀና ብላ በጣሪያቸው ላይ ያለፈውን ክር አየች።

«ሌላ ጊዜ ሽማግሌ ስትልክ» አለችኝ፣ «የምትፈልገውን በስሙ ጠርተህ ጻፍላቸው።»

በሩን ዘግታ ገባች።

ቤት እንደገባሁ ደብተሬን አወጣሁና ገጹን ለሁለት ከፈልኩ። አሥራ አራት ዓመት አራሚ የነበረ ሰው ሲሰማ አይሳሳትም። «ብትልክ» አላለችም። «ስትልክ» ነው ያለችው። በግራ «ብትልክ»፣ በቀኝ «ስትልክ» ብዬ ጽፌ፣ እስክሪብቶዬን እያኘክሁ ምናልባት ሳታስበው ያመለጣት ይሆን፣ ወይስ ባንክ ቤት ሁሉም እንዲህ ነው የሚያወራው እያልኩ ስጨነቅ፣ እናቴ ከኋላዬ መጥታ በትከሻዬ ላይ ደብተሩን አነበበችው። ወደ ድሮው ስልክ ሄደች፣ አነሣችው፣ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ቆይታ አዳመጠችና መልሳ አስቀመጠችው።

«አይዘንብም» አለችኝ። «ነጭ ሸሚዝህን አምጣ፣ አጥቤ ላስጣው።»